ኖራ እና ናሙና

ኖራ አቃጣይ ነው ይመር አረጋ፤ ምድጃው ከቦርከና ማዶ፣
ከከላላ ቆላ በአይሱዙ የመጣው ድንጋይ ሁለት ሌሊት ነዶ
ነጭ ዱቄት ይሆናል፤
የኮምቦልቻ ግድግዳ ለበዓል ይለብሰዋል።

ከእሳት የሚያስቀራቸው ግን አሉት። በዱቄት ወተት ጣሳ አጉሮ
አመጣልኝ ደሴ ድረስ፣ ሐረጎን በሚኒባስ ዞሮ ዞሮ።
ባቄላ ያክላሉ፤ ሽንሽናቸው እንደ ቀሚስ፣
ሁለት ክዳን የተጋጠመ፣ አፋቸው ፈጽሞ የማይላወስ።
"ምንድን ናቸው?" አልኩት።
"እኔ ምን ዐውቄ፤
ፊት ያለው ነገር አላቃጥልም፤ ይኸው አኖርኳቸው ጠብቄ።"

ደሴ ላይ ባሕር የለም። ጦሳ አለ፣ ጉም አለ፣ የሆጤ ጭቃ፤
ከእግራችን ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ የእሳት ልጅ ነው፣ ዛጎል አያውቅም በቃ።
ጁራሲክ የሚሉት ዘመን እዚህ ከተማ የሚገባው
እንደ ይመር ያለ ሰው በጣሳ ሲያመጣው ነው።
(አንዲት "ት" ናት የጎደለቻት፣ ደሴ ደሴት እንዳትባል፤
ክረምት ጉሙ ከአዝዋ ገደል ሲሞላ፣ እሷም መጣች ማለት ይቻላል።)

ዐሥራ ሁለት ነበሩ። በጥርስ ብሩሽ አጠብኳቸው፣
ሽንተረራቸውን በመርፌ ጫፍ እየነካሁ ቆጠርኳቸው።
መጽሐፍ የሚያውቀው ዘመዳቸው ሃያ ስምንት አለው፤
እነዚህ ዐሥራ ዘጠኝ። ደግሞም መሃላቸው
ተዛንፏል፤ አንዱ ጎን ከፍ፣ አንዱ ጎን ዝቅ፣
ከባድ ሻንጣ በአንድ እጁ እንዳንጠለጠለ ሰው።

"የተራራ ክብደት ነው ያጣመመው" አሉ ዶክተር እንግዳው፣
መነጽራቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ "ጉዳት ነው፣ ተዪው።"
ማታ ደረደርኳቸው፦ ሰባቱ ወደ ግራ፣ አራቱ ወደ ቀኝ፣
አንዱ ስባሪ ነው፤ የቀሩትን ግን "ጉዳት" ብሎ ማን ሊያሳምነኝ?
ጉዳት አይደለም።
ጠባይ ነው።

ሕጉ ግን እንዲህ ይላል፦ ውስጧን ሳታዪ ስም አትሰጫትም።
ውስጧን ለማየት ደግሞ ከመፍጨት ሌላ መንገድ የለሽም።
ከመንቁሯ ጀመርኩ፤ በብርጭቆ ላይ፣ በውሃና በደቃቅ አሸዋ፣
የፀጉር ውፍረት ፈጭቼ አንድ ሥዕል፣ ፈጭቼ አንድ ሥዕል።
መብራት ሄደ። በስልኬ ብርሃን ቀጠልኩ።
ዐሥራ ሰባተኛው ሥዕል ላይ
ሁለት ቀጫጭን ክንዶች፣ እንደ መንጠቆ የተቆለመሙ፣
ከመቶ ስልሳ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ለአንድ ደቂቃ ፊቴ ቆሙ፤
ከዚያ በገዛ ጣቴ አጠፋኋቸው።
አርባኛው ላይ ነጭ ጭቃ ብቻ ነበር ጥፍሬ ሥር የቀረው።
ኖራ፣ ኖራ፣
ኖራ ሆነች።

ለይመር ደውዬ ነገርኩት። ሳቀ።
"ታዲያ ምን ለየን? እኔ አነደድኩ፣ አንቺ ፈጨሽ።"
"የኔ ሥዕል ቀርቷል" አልኩት።
"የኔም ግድግዳ ቀርቷል" አለኝ።

ስሙን በእርሳስ ጻፍኩት፣ በላጲስ በሚጠፋ።
የእሱን ልሰጣት ነበር፤ "ተይ" አለ፣
"በስሜ ብትጠሪያት አበዳሪ ይመጣባታል።"
ቅጹ ላይ ደግሞ አንድ ክፍት ቦታ አለ፦ የተገኘችበት ንብር።
የአይሱዙ ጀርባ ንብር አይደለም። ከየትኛው ገደል፣
ከስንተኛው እርከን፣ ከየትኛው ነጭ መስመር በላይ?
ያ ካልታወቀ ስሟም ስም አይሆን፤ ባሕሯን ያጣች ናት።
ይመር አብሮኝ ሊወርድ ምሏል፤ መዶሻ አለው፣
ድንጋዩን የሚፈነቅሉትን ልጆች ያውቃል።

ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ አውቶብስ ተራ። ጉሙ ገና አልተነሣም።
አዲስ የተቀባ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ።
"ትከሻሽ ነጭ ሆኗል፣ አራግፊው" አለችኝ ትኬት ቆራጯ።
ስንት ዐሥራ ዘጠኝ ሽንተረር፣
ስንት ወደ ግራ ያዘነበለ፣
ማንም ሳይቆጥረው።

አላራገፍኩትም።